ማሽኑ የሚዘገየው በሩ ላይ ነው

ጠጋ በሉማ፤ ይህ አዳራሽ ውስጥ የሚነገር አይደለም። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ መጋረጃው ቀንም የማይገለጥ አንድ ክፍል አለ። ኮምፒውተሮቹ ሙቀት ስለማይወዱ ነው። እዚያ የምንሠራው አማርኛን ለማሽን ማስነበብ ነው። ጋዜጣ፣ አዋጅ፣ መጽሔት፣ መጽሐፍ፣ ያገኘነውን ሁሉ በገፍ እናስገባለን፤ በሌላው በኩል መፈለጊያ፣ መተርጎሚያ፣ ማጠቃለያ ሆኖ እንዲወጣ ይጠበቃል። የቤቱን ስም አልጠራም። ጉዳዩ የአንድ ቤት አይደለም፤ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ይነቀንቃል።

እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው የታወቀ ነው። እንግዳው ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ይጽፋል፤ ማሽኑ በቅጽበት ዝርዝሩን ይደረድራል፤ ይጨበጨባል፤ ቡና ይቀርባል። የማንነግረው፣ ማሽኑ የፈተሸው በእጃችን ለቅመን ያጠራናቸውን ጥቂት መቶ ሰነዶች ብቻ መሆኑን ነው። ያንኑ ፕሮግራም በጠቅላላው ክምችት ላይ ስንለቀው ያድራል፣ ይሰነብታል፣ አንዳንዴም መሐል መንገድ ላይ ይወድቃል። ያኔ አለቃ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «ትልቅ ማሽን ይገዛ።»

ሹክ ልበላችሁ፤ ችግሩ ማሽኑ ላይ አይደለም። ጊዜያችንን የሚበላው ፊደሉ ነው። በሩ ላይ ሳይጠራ የገባ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ሥራውን ሁሉ እየጎተተ ይሄዳል። ያንኑ ጽዳት ደግሞ አንዱ መፈለጊያው ላይ፣ ሌላው መተርጎሚያው ላይ፣ ሦስተኛው ማጠቃለያው ላይ እንደ አዲስ ይሠራዋል። አንዱ የሌላውን ሳያውቅ።

የራሳችንን ሰፈር ስም ልውሰድ። «ካዛንቺስ» የመጣው በጣሊያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምኅጻረ ቃል ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች። ጆሮ የሰማውን እጅ ጻፈው። ስለዚህ በጽሑፍ ውስጥ ካዛንቺስ፣ ካዛንችስ፣ ካሳንቺስ፣ ካሳንችስ እያለ ይመጣል። ሰው አራቱንም አንድ ቦታ ብሎ ያልፋል። ለማሽን ግን አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ቂርቆስ ደግሞ ይብሳል። የሰፈር ሰው ጨርቆስ ይላል፤ የክፍለ ከተማው ማኅተም ቂርቆስ ይላል። ቅዱሱ አንድ ነው፤ ቦታው ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ጨርቆስ ሲባል ሰፈሩ ነው፤ ቂርቆስ ሲባል ካዛንቺስንም ለገሃርንም ያቀፈው ክፍለ ከተማ ሊሆን ይችላል። አንድ ናቸው ብላችሁ ብታጣምሯቸው ትሳሳታላችሁ፤ ለየብቻ ብትተዉአቸው ፈላጊው ግማሹን ያጣል። ይህን የሚፈታው ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የቱንም ያህል ማሽን ብትደረድሩ አይፈታውም።

የሞክሼ ፊደላትን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዋጋውን ግን ቆጥራችሁት አታውቁ ይሆናል። «ፀሐይ»ን እንያዝ። የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ ነው። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12 አጻጻፍ። እያንዳንዱ በማሽኑ መዝገብ ውስጥ የራሱ መስመርና የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፤ ቦታ ይይዛል። ከቦታው ይልቅ የሚጎዳን ሌላ ነው፤ ስለ አንዲት ፀሐይ የምናውቀው ነገር ለ12 ተካፍሎ እያንዳንዱ ድሃ ይሆናል። አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ የተረፈ ጽሑፍ የለውም፤ ያለው ሲበታተን ያማል።

ስለዚህ በሩ ላይ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ እንመልሳለን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራውን ስሕተት እኛም ሠርተናል፤ የተስተካከለውን በዋናው ቅጂ ላይ ጻፍንበት። በኋላ የግዕዝ ጥቅስ የበዛበት ጽሑፍ ሲመጣ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» አንድ ሆነው ተገኙ። በግዕዝ የመጀመሪያው የፀሐይ መውጣት ነው፤ ሁለተኛው የሌባ ሥራ ነው። ወደ ኋላ የምንመለስበት ዋና ስላልነበረን ያን ሁሉ ከምንጩ እንደገና ለቀምነው። ከዚያ ወዲህ ዋናውን ማንም አይነካውም። የጠራው ቅጂ ለመፈለጊያና ለቆጠራ ብቻ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሃርድ ዲስክ ከሰው ጊዜ ይረክሳል።

አራት ነጥብን ሰው እንደ ትንሽ ነገር ያየዋል። ደንበኛው «።» አንድ ምልክት ነው። ብዙ ጸሐፊ ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታና «፡፡» ያደርገዋል። የእንግሊዝኛውን ኮሎን ሁለቴ የሚመታም አለ። ለዐይን ሦስቱም ያው ናቸው። አንዱን ብቻ ለሚያውቅ ፕሮግራም ግን ገጹ በሙሉ ማለቂያ የሌለው አንድ ዐረፍተ ነገር ይሆንበታል። የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች ደግሞ የቀረበላቸውን ጽሑፍ ቁራጭ በቁራጭ፣ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ያስተያያሉ፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የማስተያየቱ ሥራ አራት እጥፍ ነው፤ አሥር እጥፍ ሲሆን መቶ እጥፍ። ያ ሁሉ የኤሌክትሪክ ወጪ የሚፈሰው አንድ መስመር ኮድ በሩ ላይ ሦስቱን ምልክቶች ወደ አንድ ስላልመለሰ ነው። በተቃራኒው «ዓ.ም.» ላይ ዐረፍተ ነገሩን የሚቆርጥ፣ «ወ/ሮ»ን እና «ጽ/ቤት»ን ለሁለት የሚሰነጥቅ ፕሮግራምም አይቻለሁ።

ቃሉ ራሱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። «ስለማይመጣላቸው» ለኛ አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ምክንያት አለ፣ አሉታ አለ፣ ግሥ አለ፣ የሚጠቀሙት ወይም የሚጎዱት ሰዎች አሉ። ከ«ሰበረ» ብቻ ተሰበረ፣ ሰባበረ፣ አሰበረ፣ ስብራት፣ ሰባሪ፣ ስባሪ፣ መስበሪያ፣ አሰባበር ይወጣሉ፤ በእነዚህ ላይ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «እንደ» ከፊት፣ «ኦች»፣ «አቸው»፣ «ም»፣ «ና» ከኋላ ሲደረቡ ቁጥሩ ሺህ ውስጥ ይገባል። ይህን ለመቋቋም ሰው የሚያቀርበው አቋራጭ ቅጥያዎቹን መቁረጥ ነው። ፈጣን ነው፤ ግን በጭፍን ከቆረጣችሁ በሰፈራችን ላይ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ከ«ለገሃር» ላይ «ለ»ን ይቆርጥና «ገሃር» ያስቀራል። ከ«በቅሎ ቤት» «ቅሎ» ይቀራል። ጎረቤታችን «የካ» «ካ» ብቻ ትሆናለች። «ከተማ» «ተማ» ይሆናል። «ካዲስ አበባ» ብሎ የሚጽፍ ሰው መኖሩን ያወቀ ፕሮግራም ደግሞ «ካዛንቺስ»ን «ከአዛንቺስ» ነው ብሎ ይፈታዋል። ስለዚህ ከመቁረጫው በፊት የቦታና የሰው ስም ዝርዝር ይቀመጣል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ቃል ሳይነካ ያልፋል። ዝርዝሩን የጻፉት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ዋጋ ያለው እሱ ይመስለኛል።

በጥንቃቄ የሚፈታ መሣሪያም አለ። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማይክል ጋሰር እ.ኤ.አ. በ2011 «ሆርንሞርፎ» ብለው ያስተዋወቁት ፕሮግራም የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ሥርና ቅጥያቸውን ለይቶ ያወጣል። እንዲህ ያለ ጥልቅ ትንተና ግን በየቃሉ ጊዜ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ከሁሉ በላይ ሹክ ልላችሁ የምፈልገው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዳርጋቸው መኮንንና ባልደረቦቹ (ጋሰርም አንዱ ናቸው) ያወጡት የዘመናዊ አማርኛ ክምችት ከ25,199 ሰነዶች የተሰበሰበ ሲሆን 24 ሚሊዮን ያህል ቃላት አሉት። አንዱን ቃል ለመተንተን የሴኮንድ አንድ መቶኛ ይፈጃል ብለን እንያዝ። 24 ሚሊዮኑ 240,000 ሴኮንድ ይሆናል፤ 67 ሰዓት ገደማ፣ ሦስት ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው። አሁን ደግሞ እንዲህ ጠይቁ፤ ከነዚህ ውስጥ «ነው»፣ «ላይ»፣ «እና»፣ «ግን» ስንት ጊዜ ተደጋግመዋል? በየትኛውም ቋንቋ ጥቂት ቃላት የጽሑፉን ሰፊ ድርሻ ይይዛሉ። «ነው»ን መቶ ሺህ ጊዜ መተንተን ምን ይረባል? አንድ ጊዜ ተንትኑትና መልሱን መዝግቡት፤ ሁለተኛ ሲመጣ ከመዝገቡ አንብቡት። የተለያዩት ቃላት አንድ ሚሊዮን ቢሆኑ ሥራው ወደ 10,000 ሴኮንድ ይወርዳል፤ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ሦስት ቀን የነበረው ከምሳ በኋላ ያልቃል። ማሽኑ ያው ነው። ሞክሼዎቹና አራት ነጥቦቹ አስቀድመው ከተስተካከሉ ደግሞ የተለያዩት ቃላት ቁጥር ራሱ ይቀንሳል። የበሩ ሥራ ለውስጡ ሥራ እንዲህ ነው የሚከፍለው።

ይህን ስል ከኛ በፊት የነበሩትን መርሳት አልፈልግም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ምርምር ማዕከል 1,065 የዋልታ ዜናዎች፣ 210,000 ገደማ ቃላት፣ እያንዳንዳቸው ስም ናቸው፣ ግሥ ናቸው፣ መስተዋድድ ናቸው ተብለው ተለይተዋል። ግርማ አውግቸው ደመቀና መስፍን ጌታቸው ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2006 አስነብበዋል። ዘጠኝ ሰዎች የታተመ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረጉ ለዩት፤ ከዚያ ጽሑፉ ለታይፒስቶች ተሰጠና ወደ ኮምፒውተር ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያን ክምችት የተጠቀሙ ተመራማሪዎች ብዙ አለመጣጣም ስላገኙበት አጽድተው ነው የሠሩበት። ጥፋቱን በታይፒስቶቹ ላይ የሚጥል ሰው ሰምቻለሁ። አልስማማም። የሚተይቡት ምልክት ለምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው ካልነበረ፣ የቋንቋ ባለሙያም ሳይሆኑ፣ ሌላ ምን ሊጠበቅባቸው ይችላል? ይህ ክምችት ለረጅም ዓመታት ስለ አማርኛ የቃል ክፍሎች የተሠራው አብዛኛው ጥናት የቆመበት መሠረት ነው።

ስለ ታይፒስት ያለኝን ክብር ያገኘሁት ግን ከመጽሔት አይደለም። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ነበረች፤ ማመልከቻ፣ ውል፣ ክስ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚተየብባት። ባለቤቷ በታይፕራይተር ሥራ የጀመሩ ሴት ናቸው። በአንድ ወቅት እጃችን የገባ ብዙ የቆየ የመጽሔት ፋይል ነበር፤ ስንከፍተው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና ባለነጥብ ፊደላት ዝብርቅርቅ ብለው ይወጣሉ። ቡድኑ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ነበር። አንዱን ገጽ አትሜ ይዤ ወረድኩ።

«እትዬ፣ ይህን አይተውልኝ ይሆን?»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ልጄ፣ ይህ እኮ አማርኛ ነው። በምን ከፍተሽው ነው?»

እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። ኮምፒውተሩን ቫይረስ ሲበላው ወንዶቹ ልጆች ዊንዶውስ ይጭኑና ፎንቱን ሳይመልሱ ይሄዳሉ፤ ያኔ የደንበኞቻቸው ውል ሁሉ እንዲህ ሆኖ ይታያቸው ነበር። ምልክቶቹን በዐይን ለምደዋቸዋል። በጣታቸው አንዷን ምልክት እያሳዩ «ይቺ በየመስመሩ አለች፤ ከሷ ቀጥሎ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይጀምራል፤ አራት ነጥብ ናት» አሉኝ። ይህ በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ የተደበቀን ጽሑፍ በምልክቶቹ ድግግሞሽ መፍታት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የተጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነው። የቀደሙት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ቦታዎቹ ከ256 አይበልጡም፤ የኛ ፊደል ግን 33 በ7 ብቻ 231 ነው፣ ዲቃላው፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይጨመር። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ያከፋፍለዋል፤ ሌላው አንዱን ፊደል ከአካልና ከቅጥያ ይገጣጥመዋል። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ላቲኑን ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ጽሑፉን ከነበረበት ፋይል ነጥላችሁ ስታወጡት የፎንቱ ስም ይቀርና አማርኛው ይጠፋል።

እትዬ የሠሩልኝ ቀላል ነገር ነው። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ፣ ፎንቱ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ነበራቸው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሁሉንም በየረድፉ ተየቡት፤ ዲቃሎቹን፣ አኃዙን፣ ነጥቦቹን። ፋይሉን በፍላሽ ሰጡኝ፣ አንድ ቅጂም አትመው ጨመሩልኝ። ወረቀቱ ፊደሉን ይነግረኛል፤ ፋይሉ ከፊደሉ በስተጀርባ ያለውን ላቲን ይነግረኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የመፍቻው ሰንጠረዥ ተሠራ፤ ጥቂት መቶ መስመር። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከሁለት ምልክት የተገጣጠመው ፊደል ከነጠላው ቀድሞ መፈተሽ አለበት፣ አለዚያ «ሹ» «ሸ»ና ትርፍ ጭረት ይሆናል። ሰንጠረዡን በክምችቱ ላይ አንድ ጊዜ አሮጥነው። ሊጣል የነበረው መጽሔት አማርኛ ሆኖ ወጣ።

ያን ቀን የከፈልኳቸው እንደ ማመልከቻ በገጽ ነው። ዛሬም ይከነክነኛል።

ያቺ ሱቅ ከነበረችበት ተነሥቶ በእግር የሚደረስበት የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2014 ያሉ ሰነዶቹን በስድስቱ ይፋዊ ቋንቋዎቹ ዐረፍተ ነገር ከዐረፍተ ነገር አዛምዶ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተመራማሪዎች በነፃ ለቋል። ዐረብኛ፣ ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛ፣ ስፓኒሽ። የማሽን ትርጉም ሠሪዎች እንዲህ ያለ እንጀራ ቀርቦላቸው ነው የጀመሩት። አማርኛ በዚያ ማዕድ ላይ የለም። ግቢው ግን እኛው ሰፈር ነው።

የኛ ማዕድ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የተቋቋመው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። አንቀጽ ከአንቀጽ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል፤ ለሚያዛምድ ሰው ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ የለም። ግን ፒዲኤፉን በግዴለሽነት ያወጣ ፕሮግራም ሁለቱን ዓምዶች በአንድ መስመር ያነባቸዋል፤ ግማሽ አማርኛ፣ ግማሽ እንግሊዝኛ፣ እስከ ገጹ መጨረሻ። መፍትሔው ዐይን የሚያደርገውን ማድረግ ነው፤ መጀመሪያ ገጹን መሐሉ ላይ መክፈል፣ ከዚያ ግራውን ከላይ እስከ ታች፣ ቀኙን ከላይ እስከ ታች ማንበብ። ይህን ሳያደርጉ ሞዴል ያሠለጠኑ ሰዎች ሞዴሉ ለምን ቋንቋ እንደሚቀላቅል ሲጨነቁ አይቻለሁ።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። አንድ ዜና ተገልብጦ ርእሱ ብቻ ተቀይሮ በየቦታው ይወጣል፤ ካልተለቀመ ማሽኑ ያንኑ ደጋግሞ ያነባል። ሁሉን ከሁሉ ጋር ማስተያየት አይቻልም፤ ለ25,199 ሰነዶች ብቻ ከ317 ሚሊዮን በላይ ጥንድ ነው፤ ለአንድ ሚሊዮን ሰነድ 500 ቢሊዮን ይደርሳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1997 አንድሬይ ብሮደር ለአልታቪስታ መፈለጊያ ባወጣው ዘዴ ከእያንዳንዱ ሰነድ ትንሽ አሻራ ወስደን አሻራቸው የሚቀራረበውን ብቻ እናስተያያለን። ግዕዝ ፊደል ያለበት ሁሉ አማርኛ እንዳይመስላችሁ፤ «ቐ» እና «እዩ» የበዛበት ትግርኛ ነው፤ ይህን መለየት ከባድ ሞዴል አይፈልግም፣ ፊደል መቁጠር ይበቃዋል። ይህ ካልተደረገ ምን እንደሚሆን ዓለም አይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ከድረ ገጽ በጅምላ የተለቀሙ፣ በየቋንቋው የተለዩ 205 ክምችቶችን መርምሮ ቢያንስ 15ቱ ምንም የሚጠቅም ጽሑፍ እንደሌላቸው አግኝቷል።

መብራትም አለ። ለቀናት የሮጠ ሥራ ሊያልቅ ሲል መብራት ሄዶ ከዜሮ የጀመርንበትን ሌሊት አልረሳውም። ጀነሬተር ተጠየቀ። ያዳነን ግን ሥራውን በአንድ ሺህ በአንድ ሺህ ሰነድ ቆርጦ፣ እያንዳንዱ ሲያልቅ የደረሰበትን መጻፍ ነው። መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

የትልልቆቹ ሞዴሎች ክፍያም እዚሁ ይገባል። በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አቀማመጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲሆን የኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ነው። ብዙ አማርኛ ሳያዩ የተሠሩ የቃል መቁረጫዎች አንዱን ፊደል ራሱን ይሰባብሩታል። ክፍያው ደግሞ በቁራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት አንድ ዓይነት ጽሑፍ በአንዳንድ ቋንቋ እስከ 15 እጥፍ ቁራጭ እንደሚሆን አሳይቷል። ባለጉዳዩ ስለ ቋንቋው ይቀጣል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከራሱ ከአማርኛ ጽሑፍ የተማረ መቁረጫ ነው፤ ለዚያም የጠራ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ብዙ መሆኑ ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አፍሪበርታ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን ጨምሮ በ11 ቋንቋዎች፣ ከአንድ ጊጋባይት ባነሰ ጽሑፍ ሠልጥኖ መቶ ቋንቋ ከሚይዙት ሞዴሎች ጋር ተወዳድሯል፤ በበርካታ ፈተናም በልጧል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አብዛኛው ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው ሱቅም አብራ ተነሣች። አሮጌው ኮምፒውተር የት እንደገባ አላውቅም። ያቺ የፊደል ፋይል ግን አለች፤ በሦስት ቦታ አስቀምጫታለሁ፣ እስከ ዛሬም እንሠራባታለን።

እናንተም ዘንድ ይኖራል። በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ፣ በየማተሚያ ቤቱ መጋዘን፣ በጡረታ በወጣ ጋዜጠኛ ቁም ሣጥን ውስጥ ፍሎፒ አለ፣ ሲዲ አለ፣ ሲከፈት ዝብርቅርቅ የሚል ፋይል አለ። ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። የተጻፈበትን ፎንት የምታውቁ ከሆነ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፤ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ካላችሁም ከመሸጣችሁ በፊት ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድ ጊዜ ተይቡበት፣ ፋይሉንም አስቀምጡት፣ አትሙትም።